የእርድ ዘይት፦ ቢጫው የት ቀረ?

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ለእናቴ አንዲት ትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ይዛላት መጣች። የእርድ ዘይት ነው፤ ጉልበቷን እንድትቀባው፣ ጠዋት ጠዋትም ሁለት ጠብታ በሞቀ ውኃ አድርጋ እንድትጠጣው አስረዳቻት። እንግዳዋ ከሄደች በኋላ እናቴ ክዳኑን ከፈተች፣ አሸተተች፣ ጣቷ ላይ አንድ ጠብታ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ ምኑ ነው እርድ? ቢጫው የታለ?» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ አልጫ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። እርድ የነካ ጣት በአንድ መታጠብ እንደማይለቅ፣ ነጠላ ላይ ከተንጠባጠበም ሳሙና እንደማያወጣው ታውቃለች። ጣቷ ላይ የነበረው ግን ፈዛዛ፣ ከምግብ ዘይት ብዙም ያልተለየ ፈሳሽ ነበር።

ጥያቄዋ የነገሩን ሥር የነካ ነው። በየሱቁ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ስለ እርድ ዘይት የሚነገረውን ሰምታችኋል፦ ለመገጣጠሚያ፣ ለጉበት፣ ለካንሰር፣ ለፊት ጥራት። አብዛኛው የተወሰደው ስለ ቢጫው ነገር ከተሠሩ ጥናቶች ነው። ቢጫው ደግሞ እዚያ ጠርሙስ ውስጥ የለም።

ለምን እንደሌለ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ድፍድፉ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ በከበበው ዕቃ ውስጥ ሲገባ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ድፍድፉ የጠቆረና ወፍራም ነው፤ አረቄው ግን እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ይወርዳል። በእንፋሎት መነሳት የቻለው ብቻ በመቃው አለፈ፤ መነሳት ያልቻለው ቀለምና ዝቃጭ እዚያው ቀረ። ፈረንጆች ኢሴንሻል ኦይል የሚሉት፣ እኛ ተናኝ ዘይት ልንለው የምንችለው የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ነው። የደረቀው እርድ ተፈጭቶ ወይም ተከትክቶ ይገባል፣ የውኃ እንፋሎት ያልፍበታል፣ መዓዛውን ተሸክሞ የወጣው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው በላይ ይንሳፈፋል። ለእርድ ቢጫነቱን የሚሰጠው ኩርኩሚን ግን አይተንም። ከባድ ነው፤ የሚቀልጠው እንኳ 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከአተላው ጋር ይቀራል።

ሌላም መንገድ አለ፣ እሱንም ከወጥ ቤታችን እናውቀዋለን። ቅቤ ሲነጠር እርድ ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር ይጨመርበታል። ኩርኩሚን በውኃ አይሟሟም፣ በቅባት ግን ይሟሟል፤ ስለዚህ የተነጠረው ቅቤ ወርቅ መስሎ ይወጣል። የእርድ ዱቄት በወይራ ወይም በኮኮናት ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ ሰንብቶ ሲጠለል የሚገኘው ዘይት የዚህ ቅቤ ወንድም ነው። ቢጫው አለበት፣ መዓዛውም በከፊል አለበት፣ አብዛኛው አካሉ ግን የተዘፈዘፈበት ዘይት ነው። ሦስተኛው ዓይነት ለኢንዱስትሪ የሚሆነው ኦሊዮሬዚን ነው፦ በአልኮል ወይም በመሰል ፈሳሽ ታጥቦ የሚወጣ፣ ቀለሙንም መዓዛውንም የያዘ፣ ጠቆር ያለ ወፍራም ዝልግልግ ነገር። በሕንድ ኬረላ ያሉ ፋብሪካዎች ለዓለም የምግብ ኢንዱስትሪ የሚያቀርቡት ይህንን ነው።

ሦስቱም በገበያ ላይ «የእርድ ዘይት» ተብለው ይሸጣሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ የአንዱን ዝና ለሌላው ያውሰዋል፤ ገዢው ደግሞ ለመቀባት የሚሆነውን ይጠጣል፣ ተበርዞ መቀባት ያለበትን ሳይበርዝ ፊቱ ላይ ያፈሰዋል።

በአረቄው መንገድ የወጣው ዘይት ውስጥ ታዲያ ምን አለ? ዋነኞቹ ቱርሜሮን የሚባሉ ውህዶች ናቸው፤ አር፣ አልፋና ቤታ ተብለው ይለያሉ። የእርድ ልዩ ሽታ፣ ያ አፈር አፈር የሚል፣ ትንሽ የሚሞቅ፣ ከዝንጅብል ጋር የሚዛመድ ሽታ በዋናነት የእነሱ ነው። ከነሱ ጋር ዚንጂበሪን የሚባለው የዝንጅብል መዓዛ ውህድ ይገኛል። ይህ አያስገርምም፤ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሄል የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ከደረቅ እርድ የሚገኘው ተናኝ ዘይት እንደ ዝርያውና እንደ አደራረቁ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 10 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ጠርሙስ ለመሙላት ሩብ ኪሎ ያህል ደረቅ እርድ ይበቃል። ጠርሙሷ ከብዙ ኪሎ እርድ ዋጋ በላይ ስትሸጥ ካያችሁ፣ ልዩነቱን የወሰደው ማንጠሩ፣ ጠርሙሱና ማስታወቂያው ነው።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንምጣ። ዘይቱን ማናናቅ አልፈልግም። በራሱ ስም፣ ከኩርኩሚን ሳይዋስ፣ የሚመሰገንባቸው ነገሮች አሉት።

ለእኔ በጣም የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የታይላንድ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። የእርድን ዘይትና ኩርኩሚንን ለየብቻ አድርገው ቆዳ ላይ በሚበቅሉ ፈንገሶች ላይ ሞከሩ፤ እነዚህ ብዙ ሰው ጭርት ወይም ቋቁቻ የሚለውን፣ ክብ እየሠራ የሚያሳክከውን የቆዳ ችግር የሚያመጡ ናቸው። ዘይቱ እስከ 320 እጥፍ ተበርዞ እንኳ የአንዳንዶቹን እድገት አቆመ። ኩርኩሚኑ ግን አንዱንም አላቆመም። ፈንገስ በያዛቸው ጊኒ ፒጎች ቆዳ ላይ ዘይቱ ሲቀባ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ መሻሻል ታየ፣ በ6ኛውና በ7ኛው ቀን ቁስሉ ጠፋ። በዚሁ ሥራ እርሾ በሚባሉት የፈንገስ ዓይነቶች ላይ ግን ዘይቱም አልሠራም። ይህን የመሰለ ውጤት ነው ሰው ማወቅ ያለበት፤ የሚሠራበትንም የማይሠራበትንም ይናገራል። ጊኒ ፒግ ሰው አይደለም፣ የሕፃን ልጅ ራስ ላይ የወጣ ቋቁቻም በሚዋጥ መድኃኒት እንጂ በቅባት ብቻ አይድንም። ቢሆንም ዘይቱ ለቆዳ ፈንገስ አለው የሚባለው ነገር ከወሬ ያለፈ መሠረት እንዳለው ያሳያል።

ሁለተኛው ነፍሳትን ማባረሩ ነው። ተክሉ እነዚህን ውህዶች የሚያመርተው ለእኛ ብሎ አይደለም፤ መሬት ውስጥ ያለው ግንዱን ከሚበሉት ለመከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ከእርድ ውስጥ የዱቄት ነቀዝን የሚያርቁትን ውህዶች ለይቶ ሲያወጣ ያገኘው ቱርሜሮኖቹን ነው። በሕንድ ቤቶች እህል ሲቀመጥ እርድ የሚነሰነስበት ምክንያት በላብራቶሪ ተረጋገጠ ማለት ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በታይላንድ የእርድ፣ የሲትሮኔላና የአንድ ዓይነት በሶብላ ዘይቶች በትንኞች ላይ ተሞከሩ። 5 በመቶ ቫኒሊን፣ ማለትም የቫኒላ መዓዛ ውህድ፣ ሲጨመርባቸው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሦስት የትንኝ ዓይነቶችን እስከ 8 ሰዓት ድረስ አባረሩ። ቫኒሊኑ ዘይቱ ቶሎ እንዳይተን ይዞ ያቆየዋል።

ይህን ስጽፍ ስለ እኛ ሀገር እያሰብሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። እርድ በብዛት የሚበቅልበት ደቡብ ምዕራብም ወባ ያለበት ሞቃት ቆላ ነው። ታዲያ አጎበርን በዘይት መተካት ይቻላል? አይቻልም። የተሞከረችው የወባ ትንኝ የደቡብ ምሥራቅ እስያ እንጂ የእኛ አይደለችም፤ ሳጥን ውስጥ የተገኘ 8 ሰዓትም ላብ፣ ነፋስና እንቅልፍ ባለበት ሌሊት እዚያው አይቆይም። አመሻሽ ላይ ከአጎበር በፊት ባለው ጊዜ የሚቀባ ነገር ሆኖ በራሳችን ትንኞች ላይ ቢፈተን ግን የሚያስቆጭ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛው ስለ አንጎል ነው፣ ብዙ የተጋነነበትም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በጀርመን የዩሊሽ የምርምር ማዕከል ሰዎች አር-ቱርሜሮን የአይጥ አንጎል ግንድ ሕዋሳት፣ ማለትም ሌሎች የአንጎል ሕዋሳት የሚወጡባቸው እናት ሕዋሳት፣ እንዲባዙ እንደሚያደርግ አሳተሙ። እውነት ነው፣ ጥሩ ጥናትም ነው። ነገር ግን ውህዱ የገባው በመርፌ በቀጥታ ወደ አይጦቹ አንጎል ነው። «የእርድ ዘይት ማሽተት የመርሳት በሽታን ያድናል» የሚለው ማስታወቂያ ከዚህ ተነስቶ የት እንደደረሰ አስቡት።

አራተኛው ያስገረመኝና ብዙም ሲወራ ያልሰማሁት ስለሆነ ልጥቀሰው። ኩርኩሚን ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የሕንድ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም የቁንዶ በርበሬ ውህድ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው 20 እጥፍ እንደሚጨምር አሳየ፤ ለዚህ ነው የእርድ ክኒኖች ላይ ቁንዶ በርበሬ ተጽፎ የምታዩት። አንድ የኬረላ አምራች ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረ። ኩርኩሚኑን ከራሱ ከእርዱ ተናኝ ዘይት ጋር መልሶ አዋሐደው፤ በሰዎች ላይ በተሠራ ሙከራም ወደ ደም የገባው ወደ 7 እጥፍ ገደማ ጨመረ። አረቄውና ድፍድፉ ተመልሰው ሲገናኙ ማለት ነው። እርድን በሙሉነቱ፣ በቅባት አብስሎ፣ ቁንዶ በርበሬ ካለበት መከለሻ ጋር መብላት ክኒን ከመዋጥ እኩል ነው አልልም፤ መጠኑ አይገናኝም። የወጥ ቤቱ ልማድ ግን ሳይንሱ ዞሮ ከመጣበት አቅጣጫ ብዙም የራቀ አይደለም።

እንግዲህ የእናቴ ጉልበት። እርድ ለጉልበት ሕመም ይረዳል የሚለው ከየትም የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የታይላንድ ሙከራ 367 የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸውን ሰዎች ይዞ፣ በቀን 1,500 ሚሊ ግራም የእርድ ጭማቂ፣ ማለትም ከእርዱ ተለይቶ የወጣ ፍሬ ነገር፣ የወሰዱት 1,200 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ከ4 ሳምንት በኋላ ሕመማቸው የዚያኑ ያህል ቀንሶ አግኝቷል። የተዋጠው ግን በቢጫው የበለጸገ ጭማቂ ነው፤ የተቀባ ተናኝ ዘይት አይደለም። ሁሉም እንዲህ ያበቃ አይደለም ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ኬሚስቶች ያሳተሙት ሰፊ ግምገማ ከ120 በላይ የሆኑ የኩርኩሚን ሙከራዎችን ጠቅሶ፣ ውህዱ በሰውነት ውስጥ የማይረጋ መሆኑንና በላብራቶሪ መሞከሪያዎች ላይም የሚያሳስት ምልክት እንደሚሰጥ አስጠንቅቋል። ስለ ቢጫው እንኳ ክርክሩ ይህን ያህል ነው። ስለ ዘይቱ ለመገጣጠሚያ በሰው ላይ የተሠራ ጠንካራ ሙከራ አላየሁም፤ እናቴ ጉልበቷን ስታሽ የምታገኘው እፎይታ ከማሸቱ፣ ከሙቀቱና ከሽታው እንደሆነ ነው የማምነው። ያም ቢሆን እፎይታ ነው፤ አልነፈግኋትም።

ስለ ፊት ማቅላት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በከተሞቻችን የእርድ ሳሙና፣ የእርድ ማስክና የእርድ ዘይት በዋናነት የሚሸጡት በዚህ ተስፋ ነው። «የብብትን ፀጉር ያጠፋል፣ ጥቁረቱንም ያነሳል» የሚለው አባባል መነሻው በታይላንድ የተሠራ ጥናት ነው፤ የተጠናው ግን የዘመዱ የኩርኩማ ኤሩጂኖሳ ዘይት እንጂ የእኛ እርድ አይደለም። ስም ስለተቀራረበ ብቻ ውጤቱ ወደ ሌላ ተክል ተሻገረ። ከዚህ የከፋው፣ አንድ ቅባት «እርድ ብቻ ነው» ተብሎ በሁለት ሳምንት ፊትን ካቀላ፣ ውስጡ ሜርኩሪ ወይም ሃይድሮኪኖን ወይም የስቴሮይድ ቅባት እንዳለ መጠርጠር ያስፈልጋል። እርድ በሁለት ሳምንት ማንንም አያቀላም። ጥቁር ቆዳችንም መታከም ያለበት በሽታ አይደለም።

አጠቃቀሙ ላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ሳይበረዝ አይቀባ፣ ያለ ሐኪም ምክርም አይጠጣ። ተናኝ ዘይት ከተክሉ ውስጥ ተነጥሮ የተከማቸ ነገር ነው፤ ወጥ ውስጥ የሚገባ አንድ ማንኪያ እርድና አንድ ማንኪያ የእርድ ዘይት በስም እንጂ በጉልበት አይገናኙም። ለሰውነት የሚሆነው ልክ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ይህም በ30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ላይ ከ6 እስከ 12 ጠብታ ይሆናል። መጀመሪያ ክንድ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ተቀብቶ አንድ ቀን ይጠበቅ። ከዓይን ይራቅ፤ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታም ይቀመጥ፤ ልጅ ቢውጠው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ የሐሞት ቧንቧው የተዘጋ ሰው ከሚዋጡ የእርድ ውጤቶች ሁሉ ቢርቅ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጣሊያን ውስጥ የእርድ ክኒን በወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት በተደጋጋሚ በመታየቱ የጤና ሚኒስቴሩ በማሸጊያዎቹ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዟል። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ጉበትን አይጠብቅም።

ጠርሙሱን ለመለየት የእናቴ ዓይን በቂ ነው። ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ጣት የሚያቀልም ከሆነ ወይ በዘይት የተዘፈዘፈ ነው፣ ወይ ቀለም ተጨምሮበታል፤ ተናኝ ዘይት ብሎ የሸጠላችሁ ሰው አልነገራችሁም። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና አሳድሩት። የምግብ ዘይት ያለበት ሰፊ የቅባት ምልክት ትቶ ያድራል፤ ተናኙ አብዛኛው ይሄዳል፣ የእርድ ዘይት ከሎሚ ዘይት ይልቅ ከባድ ስለሆነ ግን ይዘገያል፣ ትንሽ አሻራም ይተዋል። ጠርሙሱ ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ ኩርኩማ ሎንጋ፣ እንዲሁም ከሥሩ ይሁን ከቅጠሉ መውጣቱ መጻፍ አለበት። የቅጠሉ ዘይት ሌላ ነው፣ ቱርሜሮን ብዙም የለበትም።

በዚህ ረገድ ዘይቱ ከዱቄቱ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። በባንግላዴሽ ለዓመታት የእርድ ዱቄትን ለማድመቅ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቢጫ ቀለም ይቀላቀል ነበር። ተመራማሪዎች ነገሩን ይፋ ካደረጉና መንግሥት እርምጃ ከወሰደ በኋላ ሊድ የተገኘበት የገበያ እርድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረው 47 በመቶ በ2021 ወደ ዜሮ ወርዷል። ሊድ በእንፋሎት አይነሳም፤ በመቃው የወጣ ዘይት ከዚህ ነጻ ነው። በርበሬና ቅቤ ላይ የሚቀላቀለውን ባዕድ ነገር ለምናውቅ ለእኛ የባንግላዴሹ ፍጥነት ሊያስቀናን ይገባል።

የእኛው እርድ ከሸካ ዞን የኪ ወረዳ፣ ከማጃንግ፣ ከቤንች ሸኮና ከካፋ ነው የሚመጣው። ገበሬው ከ7 እስከ 9 ወር ጠብቆ ይቆፍራል፣ ያጥባል፣ ይቀቅላል፣ በፀሐይ ያደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ የአጠውላጊ በሽታ የደቡቡን ዝንጅብል ካወደመው በኋላ ስለ ቅመም የሚታሰብ ሁሉ በአንድ ሰብል ላይ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከፍል አይቷል። የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝርያ ያወጣል፤ የወንዶ ገነቱ ማዕከል ደግሞ ለረጅም ዓመታት ከመዓዛማ ተክሎች ዘይት ሲያነጥር ኖሯል። ዕውቀቱ እንግዳ አይደለም። ሆኖም እርዳችን የሚወጣው በአብዛኛው ደርቆ፣ በጆንያ ነው፤ ሲመለስ በጥቁር ጠርሙስ፣ ከዱባይ ሻንጣ ውስጥ።

ሕንዶች እርዳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ የባለቤትነት መብት መሥሪያ ቤት እርድን ቁስል ላይ ማድረግን እንደ አዲስ ግኝት ቆጥሮ መብት ሰጠ። የሕንድ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት የሳንስክሪት ጽሑፎች ያሉባቸውን 32 ማስረጃዎች አቅርቦ ተሟገተ፤ መብቱም በ1997 ተሰረዘ። በኔዘርላንድስ የተመዘገበውን የጤፍ መብት የሚያስታውስ አንባቢ ስሜቱ ይገባዋል። ሕንዶቹ ግን በሙግት ብቻ አላቆሙም፤ እርዱን እዚያው ያነጥሩታል።

ማንጠር ብዙ እንጨትና ውኃ ይፈልጋል፣ የእርድ ዘይት ከባድ ስለሆነም እሳቱ ረጅም ሰዓት መቆየት አለበት። ይህ ለአንድ ገበሬ የማይቻል፣ ለአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን የሚቻል ነው። ቅርጹ የማይሸጥ፣ የተሰባበረና ትንንሽ የሆነ እርድ ለማንጠሪያው ይበቃል፤ በመኸር ጊዜ ማሳ ላይ የሚጣለው ቅጠልም የራሱ ዘይት አለው። ዘይቱ ከወጣ በኋላ ማሰሮው ሥር የሚቀረው አተላ ደግሞ እናቴ የጠየቀችውን ቢጫ ይዞ እዚያው አለ፤ ደርቆ ለቀለምና ለጭማቂ አውጪዎች ለሁለተኛ ጊዜ ሊሸጥ ይችላል።